ከእኔ ቀጥሎ የነበረው ገጽ

ይህን ነገር ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ትቼዋለሁ። ጽፌ ሳነበው ሁልጊዜ ራሴን ደህና ሰው አድርጌ አገኘዋለሁ። ዛሬ እንደሆነው ልጻፈው። ለሰው ቢነግሩት «ይቺም ነገር ሆና?» ሊል ይችላል። ወንጀል አይደለም፣ ከሳሽም የለውም። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ቡታጅራ መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ለተማሪዎች ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር ነበር። መስመሩ እስኪያያዝ ኮምፒውተሩ እንደታነቀ ዶሮ ይጮሃል፤ አንድ ፎቶ እስኪከፈት ሻይ ታዝዞ ይጠጣል። በከተማው ድረ ገጽ መሥራት የሚችል እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ምናልባት እውነትም ይሆናል። ችግሩ ለሰው ሁሉ መናገሬ ነው።

ስለ ቡታጅራ የሚያወራ አንድ ገጽ ሠርቼ፣ ቦታ በነጻ ከሚሰጡ የውጭ ድርጅቶች በአንዱ ላይ አስቀመጥኩ። የምትሽከረከር ምድር ነበረችው። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ብልጭ ድርግም የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሲከፈት ሙዚቃ ይጀምራል፤ ማጥፊያ አላደረግኩለትም፣ ማን ያጠፋዋል ብዬ። ከግርጌው የጎብኚ ቆጣሪ አለ፣ ከቆጣሪው ጎን ደግሞ ሰው አስተያየቱን የሚተውበት የእንግዶች መዝገብ። መዝገቡ ላይ አምስት አስተያየቶች ነበሩ። ሦስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንዱን እንዲያውም ጀርመን አገር ያለ ሰው መስዬ።

አንድ ቀን አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ኢሜይል ላከልኝ። ስለየአካባቢያቸው በግላቸው ድረ ገጽ የሠሩ ሰዎችን እየፈለገ ቀለበት የሚባል ነገር ያሰባስባል። ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ገጹ ግርጌ ላይ «ቀጥሎ» የምትል ቁልፍ ያደርጋል። እሷን ሲጫኗት ወደ ጎረቤቱ ገጽ ትወስዳለች፣ የጎረቤቱ ወደሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ይደርሳል። ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አልነበረም። ያን ጊዜ የአማርኛ ገጽ በፍለጋ አይገኝም፤ ሰው የሚመጣልህ ከሌላ ሰው ገጽ ነው። ስለዚህ የቀለበቱ ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ የጎረቤትህን መንገድ አትዝጋ።

ልጁ «ካንተ ቀጥሎ ያለው ቦታ ክፍት ነው፤ ከአገርህ ሰው ፈልግ» አለኝ። እኔም አንዲት ሴት ትዝ አሉኝ። በዚያው ክረምት ወልቂጤ ሄጄ ለመምህራን የኮምፒውተር ሥልጠና ስሰጥ ከተማሪዎቼ አንዷ ነበሩ። የቸሃ ጉራጌ ናቸው፣ ወልቂጤ አማርኛ ያስተምራሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ማውስ ሲይዙ እንቁላል የያዙ ይመስላሉ፣ ግን አንድ ነገር ሁለቴ አልጠየቁኝም። በሥልጠናው መጨረሻ ከቦርሳቸው ሁለት ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። የእንሰት ስሞች ነበሩ። እንሰት አንድ ዓይነት ብቻ ለሚመስለው ሰው የሚያስደነግጥ ደብተር ነው። ስሙ፣ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሚሆን፣ ማን እንደነገራቸው፤ አብዛኛው ከእናታቸው አፍ፣ ቀሪው ከእናታቸው ጎረቤቶች።

«ይሄ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል?» አሉኝ።

ይወጣል አልኩ። በኋላ ስለ ቀለበቱ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እኔጋ የሚመጣ ሰው በማን በኩል ነው የሚያልፈው?»

«በእኔ በኩል፣ ቲቸር።»

«እንግዲህ ጀፎረ ነዋ» ብለው ሳቁ።

ጀፎረ በእኛ አገር በየመንደሩ መሀል የሚዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። ከብት ይውልበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሙሽራ ያልፍበታል። የማንም አይደለም፣ ሁሉም ደጁን ይጠብቃል። ልጅ ሆኜ መስቃን ውስጥ አንድ ዘመዳችን አጥሩን ሁለት እርምጃ ወደ ጀፎረው ገፍቶ ሽማግሎች ሲቀመጡበት አይቻለሁ። አጥሩን ሰው ፊት በገዛ እጁ ነቀለው። አባቴ ያን ዕለት ማታ «ሰው እንዴት ከመንገድ ይሰርቃል?» እያለ ሲገረም ነበር። እኔም ይህንኑ ወግ ገጼ ላይ በትልቅ ፊደል ጽፌ፣ ከሥሩ «ጉራጌ መንገድ አይዘጋም» ብዬ ደምድሜያለሁ።

የመምህሯን ገጽ አብረን ሠራነው። የአማርኛ ፊደል በየኮምፒውተሩ አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ ስላስቸገረ፣ ደብተሩን በእጅ ጽሑፋቸው እንዳለ ስካን አድርገን ለጠፍነው። አመድማ ገጽ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። «አስታራ፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይሰጣል።» «ቅብናር።» «ጓርየ።» ይኸው ነው። እሳቸው በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ገጽ እየጻፉ፣ ስካን አስደርገው በፍሎፒ ዲስክ በሹፌር ይልኩልኛል፣ እኔ እጭናለሁ። ስንጀምር አንድ ነገር አስረድቻቸው ነበር። ድርጅቱ ስልሳ ቀን ሙሉ ማንም ያልጎበኘውን ገጽ ያጠፋል። «ግን አይስጉ፣ ከእኔ ቀጥሎ ነዎት፣ ሰው አይጠፋም» አልኳቸው።

ሰውስ አልጠፋም። ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው።

የእሳቸው መዝገብ ሞላ። ከሆሳዕና፣ ከድሬዳዋ፣ ከየት ከየት ይጻፍላቸው ጀመር። አንዱ የአያቱን ጓሮ ያስታውሳል፣ ሌላው «ይሄ በእኛ መንደር ሌላ ስም አለው» ብሎ ይከራከራል። የእኔም ቆጣሪ ወጣ፤ ግን ማን ምን ያህል እንደቆየ የሚያሳይ ነገር ነበረውና አየሁት። ሰዉ እኔጋ የሚቆየው «ቀጥሎ» የምትለዋን ቁልፍ እስኪያገኝ ድረስ ነው። አንዱ ደግሞ በእኔው መዝገብ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ወደ እንሰቷ ገጽ መሄጃ ስለሆንክ አመሰግናለሁ። ሙዚቃውን ግን ብታጠፋው።»

ይህን አንብቤ ውጭ ወጣሁ። በር ላይ የቆመ አይሱዙ ጀርባ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተጽፏል። ሹፌሩ ምቀኛ ፈልጎ ከሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ያስተማርኳቸው እኔ፣ የሠራሁላቸው እኔ፣ ሰው የሚሄደው እሳቸው ጋ። በዚያ ላይ የሚወደደው እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ልሸሸው የፈለግኩት ጓሮ ነው። እኔ ስለ አስፋልትና ስለ አዲስ ሕንጻ ጽፌ፣ ዓለም የሚጠይቀው ስለ ኮባ።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ገብቶ መስመሩ በጣም ፈጣን የሆነበት ሰዓት ነበር። እኔም ውዱእ አድርጌ ልወጣ ስል ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ቀጥሎ» ከሚለው ቁልፍ ሥር ያለውን የመምህሯን አድራሻ አጥፍቼ ከእሳቸው ቀጥሎ የነበረውን ሰው አድራሻ ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቀለበቱ አልተበጠሰም፤ አሁንም ይዞራል፤ እሳቸው ብቻ ከመንገዱ ወጡ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ ሄጄ የቀረውን ሶላት ደረስኩ።

ሳምንቱ ወር ሆነ። የእኔ ቆጣሪ ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። ከዚያ መዝገቤ ላይ ጥያቄ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሰው የእንሰቷ ገጽ የት ሄደ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ቀጥሎ ሌላው ቆጣ ብሎ ጻፈ። ሦስተኛዋ ጅማ ያደገች ሴት ናት። ረጅም ነበር የጻፈችው። ከመምህሯ ደብተር አንዱን ስም ለእናቷ አንብባላት እናቷ አለቀሰች። እናትየዋ ትዳር ይዛ ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ ያን ስም ሰው ሲጠራው ሰምታ አታውቅም። «የቀሩትን እንዳነብላት በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ገጹ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ» ብላ አድራሻዋን አስቀምጣ ነበር።

ያን ጊዜ የመምህሯ ገጽ ገና አልጠፋም። አድራሻውን መልሼ ብጽፈው ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆን ነበር። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። የቀለበቱ መሥራች መዝገቤን ቢያነብ ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሦስቱንም አስተያየት ሰረዝኳቸው። የሴትየዋን ስሰርዝ ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ክረምቱ ገባ። ስልሳ ቀኑን ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሬ ሰው።

የመስቀል ሰሞን፣ አገር ሁሉ ወደየቤተሰቡ ገብቶ ገና ሳይመለስ፣ መምህሯ የፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ከወልቂጤ ቡታጅራ ያን ጊዜ የቅርብ መንገድ አይደለም፤ በፒስታ መንገድ መኪና እየቀያየሩ ነው የመጡት፣ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። በእጃቸው በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ቆጮና አይብ ነው» አሉ። «ክትፎም ነበረ፣ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ተውኩት።»

ወንበር ሰጠኋቸው። ሳይቀመጡ «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው አመጣጤ፣ ልጄ» አሉ።

«ምን አድርገው ነው ቲቸር?»

«ገጹን አጠፋሁት። ክረምቱን እናቴ ታማብኝ ገጠር ከርሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልከፍተው ቀረሁ። ስመለስ ይሄ መጥቷል።»

በወረቀት ያስወጡትን ኢሜይል ዘረጉልኝ። እንግሊዝኛውን በእርሳስ አስምረውበታል። በስልሳ ቀን ውስጥ አንድም ጎብኚ ስላልተመዘገበ ገጹ ተሰርዟል ይላል።

«ቀለበታችሁን በጠስኩባችሁ» አሉ። «እሱስ ይሁን። ግን አንድም ሰው ይላል። እኔ ባልከፍተው እንኳ፣ መንገድ ላይ ሆኜ እንዴት አንድ ሰው አያልፍም? ብዙ ሰው ይጽፍልኝ አልነበር?»

ጥያቄያቸው የክስ አልነበረም። ኮምፒውተር የሚያውቀውን ሰው ነው የጠየቁት። «መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበር ያለብኝ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«ኢንተርኔት ላይ ሰው ቶሎ ይሰለቻል ቲቸር። በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም» አልኳቸው።

ኢሜይሉን መልሰው አጣጠፉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም እንደዛ ነው ያሰብኩት። የአሮጊት ወሬ ማን ያነባል።»

እንደገና ልንሠራው እንችላለን አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲለው እንቢ እንዲባል ብሎ በሚለው ድምፅ። «አይ፣ ይቅር፣ ሥራም አለብህ» አሉ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ከእኔ ቀጥሎ የነበረው ሰው በእኔ ምክንያት መንገድ እንዳያጣ፤ አገናኘው እሺ?» አሉኝ።

«አገናኝቼዋለሁ» አልኩ። በዚያ ቀን የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነው።

ቆጮውን ቤት ይዤ ገባሁ። እናቴ ቆርሳ ቀመሰችና እንዲህ ያለ ያማረ ቆጮ ማን እንደሰጠኝ ጠየቀችኝ። ደንበኛ ናት አልኳት። በላሁትም። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል ግን ጣፋጭ ነበር።

ቀለበቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንዱ ሥራ ያዘ፣ አንዱ ሰለቸው፣ ፌስቡክ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። የእኔም ገጽ ከነምድሯ ጠፋ፤ ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም።

ስድስት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ወጣት ወልቂጤ ነው የተማርኩት ሲለኝ፣ ስለ መምህሯ ጠየቅኩት። ጡረታ ወጥተዋል፣ እናታቸው ከሞቱ ቆይቷል አለኝ። ለቅሶ አልደረስኩም ማለት ነው። ለቅሶ ደግሞ ዓመታት ቢያልፉትም ይደረሳል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጣል። እኔም ይህችን ምክንያት አድርጌ በሳምንቱ ወልቂጤ ሄድኩ። የእውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር፣ ወይም የወሰንኩ መስሎኝ ነበር።

«አላህ ያጽናዎት ቲቸር፤ ዘግይቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ደስ አላቸው። ጎረቤታቸውን በአጥር በኩል ጠርተው «ኮምፒውተር ያስተማረኝ ልጅ ይሄ ነው» ብለው አሳዩኝ። አበሉኝ። ከዚያ ስለ እናታቸው እያወሩልኝ ሳለ ተነስተው ደብተሮቹን ከሳጥን አመጡ። አራት ሆነዋል። አራተኛውን ከፈቱልኝ፤ ግማሹ ተጽፏል፣ ግማሹ ባዶ ነው።

«ካንተ ጋ መጥቼ ከተመለስኩ በኋላ አልጻፍኩም» አሉ። «እናቴ ድና ነበር። ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ቆይታለች፣ አእምሮዋም ደህና ነበር። ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬ አትጽፊም ወይ? አንድ ትዝ ብሎኛል› ትለኛለች። ‹እማዬ፣ የሚያነበው የለም› አልኳት። ሁለት ሦስቴ እንደዛ ስላት እሷም መናገሩን ተወችው።»

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ተናገርኩ። ዓርቡን፣ አድራሻውን መቀየሬን፣ ከዚያ ሰው መጠየቁን፣ የጠየቁትን መሰረዜን፣ ሰው ይሰለቻል ያልኳቸው ውሸት መሆኑን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ግን ጮህኩ። ዓይናቸውን ሳላይ ወለሉን እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ይረግሙኛል ወይም ውጣ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሰው ጠይቆ ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ ቲቸር።»

«ስንት?»

«እኔ ያየሁት ሦስት።»

«ምን አሉ?»

የጅማዋን ሴት ነገርኳቸው። እናቷ እንዳለቀሰች፣ የቀሩትን ስሞች በየቀኑ እንደምትጠይቅ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። አድራሻዋን ጠየቁኝ። ሰርዤዋለሁ አልኩ። ስሟን ጠየቁኝ። አላስታወስኩም።

«ሴትዮዋን ያስለቀሳት የቱ ስም ነው?» አሉ።

ይህንንም አላስታወስኩም። ያን ጊዜ እንኳ ልብ ብዬ አላነበብኩትም፤ ቶሎ ላጠፋው ነበር የቸኮልኩት።

መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ደብተር ከፍተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «እኔ ልጥራቸው፣ ስትሰማው ትዝ ይልህ ይሆናል» አሉ።

«አስታራ።»

«አይመስለኝም።»

«ቅብናር።»

«አይመስለኝም፣ ቲቸር።»

«ጓርየ። አጋደ።»

በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ብለው ቀና ይሉና ፊቴን ያያሉ። በመሀል አንዱን «ይሄ ነው» ልላቸው ፈለግኩ፣ እንዲያርፉ፣ እኔም እንዳርፍ። አላልኩም። ከውሸቶቼ ሁሉ ሳልናገር የተውኩት እሱን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ጨረሱ፣ ሦስተኛውን ጨረሱ። አራተኛው ላይ የመጨረሻዋን ስም ጠርተው አዩኝ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ገጹን ገለጡት፤ ባዶ ነበር። የሚቀጥለውንም ገለጡ። ከዚያ ደብተሩን አጥፈው የመጀመሪያውን መልሰው አነሱ።

«አፍጥኜብህ ይሆናል» አሉ። «እንደገና ልጀምር?»